የእሁድ ወሬ

«ይትከል፣ ምን ቸገረህ? እናቴ ካለፈች በኋላ ቤቱ መሸጡ አይቀርም፤ ያኔ እንነቅለዋለን።»

ተናጋሪው ታላቅ ወንድሟ ነው፤ የሚያናግረው በያጁን ነው፤ ሳይታሰብ የሰማችው ደግሞ ትንሿ ናት። ጓሮ ከቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብላ የእናቷን የመተንፈሻ ቱቦ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና እያጠበች ነበር። ወንድሟ ከቤቱ ማዕዘን ማዶ ቆሞ፣ ስለ አሮጌ መኪና የሚያወራ ይመስል ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም። ትንሿ ቱቦውን አራገፈችና ውስጡ ጠብታ ቀርቶ እንደሆነ ለማየት ወደ ብርሃኑ አነሳችው። አርባ ዓመት አልፏታል፤ ፀጉሯም ከፊት ለፊት ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል፤ በቤቱ ውስጥ ያላት ስም ግን እስከ ዛሬ ትንሿ ነው። መጨረሻ የተወለደና ሳያገባ ከወላጆቹ ጋር የቀረ ሰው ለዘመዶቹ ዕድሜ የለውም። ተነስታ ወንድሟን ልክ ልኩን ልትነግረው ቃጣት። ነገር ግን ዛሬ አባቷ ለሬዲዮው ያሠራው የብረት ማማ ሲነሳ ሦስት ሰው ሦስቱን የመወጠሪያ ሽቦዎች መያዝ አለበት፤ ከሦስቱ አንዱ ወንድሟ ነው። እሱ ተቆጥቶ ከሄደ የአባቷ ነገር አበቃለት። ስለዚህ የሰማችውን ዋጥ አድርጋ፣ ቱቦውን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላ ወደ ቤት ገባች።

እናቷ የምትተኛበት ክፍል ድሮ መመገቢያ ክፍል ነበር። ከነስምንት ወንበሩ የነበረው ትልቅ ጠረጴዛ ተሸጦ ለማማው ብረት ውሏል። ይሸጥ ያለችውም እናትየው ራሷ ናት፤ «ማን ሊበላበት? እኔ ተኝቼ፣ እናንተ ማድ ቤት ቆማችሁ ትጎርሳላችሁ» ብላ ሳቀች፤ ሳቁም ወደ ሳል ዞረባት። አሁን ጠረጴዛው በነበረበት ቦታ አልጋው አለ፤ ከአልጋው ራስጌ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ሻንጣ የሚያህለው የኦክስጅን ማሽን ተቀምጧል። ቀንና ሌሊት ፉሽ… ድም፣ ፉሽ… ድም ይላል። ቤተሰቡ ለምዶት ንግግሩን በሁለቱ ድምፆች መሃል ያስገባል፤ እንግዳ ግን ለምን እንደሆነ ሳይታወቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። መብራት ሲሄድ ወይም ሶኬቱ ሲነቀል ሰፈር እስኪሰማ ያንጫርራል፤ ያኔ ሮጠው ከበሩ ጀርባ የቆመውን ሲሊንደር ይከፍቱላታል። በራሱ ማጥፊያ ሲያጠፉት ግን ጭጭ ይላል። ማሽኑን ያመጣው ቴክኒሻን ይህን ሲያስረዳ ከሁሉም አብልጣ ያዳመጠችው እናትየው ነበረች።

«ወንድምሽ መጣ?» አለች እናቷ፣ ትንሿ ቱቦውን ከጆሮዋ ኋላ እያዞረች አፍንጫዋ ላይ ስታስተካክልላት።

«መጥቷል።»

«ቁርስ በላ?»

«በልቷል እማዬ።»

«ታዲያ ፊትሽ ምን ሆኖ ነው?»

«ፀሐይ ነው።»

«ዛሬ እንግዲህ የጥርስ ሐኪሙን ወሬ እንሰማለን» አለች እናቷ፤ ዓይኗ ወደ መስኮቱ ነበር። «ልጁን ድሮት ይሆን? ወይስ አሁንም አሻፈረኝ እንዳለ ነው?»

የጥርስ ሐኪሙን ከቤቱ ሰው በዓይኑ ያየው የለም። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ በአውሮፕላን ማረፊያ የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበር፤ ሰፈሩም ኦፕሬተሩ ነው የሚለው። ጡረታ ሲወጣ አንዳንዱ ዶሮ እንደሚያረባው፣ አንዳንዱም ካርታ እንደሚጫወተው፣ እሱ ፈቃድ አውጥቶ ቤቱ ውስጥ መገናኛ ሬዲዮ ተከለ። በየእሁዱ ከሰዓት በኋላ ከየአገሩ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ የሚገናኙ ጥቂት ሽማግሌዎች አገኘ፤ ከሁሉ የቀረበው ወዳጁ ባሕር ማዶ ደሴት ላይ የሚኖር አንድ የጥርስ ሐኪም ነው። ንግግሩ ሲያበቃ አባቷ ወደ ቤት ገብቶ ወሬውን አንድ በአንድ ለሚስቱ ያራግፍላት ነበር። የሐኪሙ ጉልበት እንዳበጠ፣ ቲማቲሙን ቀንድ አውጣ እንደጨረሰበት፣ አንድያ ልጁ ዕድሜው እየገፋ አላገባም እንዳለ። እናትየው በወጣትነቷ ከቤት ወጥታ የማትጠግብ ጨዋታ ወዳድ ሴት ነበረች፤ ደረቷ ከከዳት ወዲህ ግን ከደጅ የሚመጣላት ወሬ ይኸው የእሁዱ ብቻ ሆነ። ለሐኪሙ ልጅ ከራሷ ልጆች እኩል ታስብለት ነበር ቢባል ውሸት አይሆንም። ትንሿን አንዳንዴ እንደ መቅናት ይሞክራታል።

ይህ ሁሉ ዓምና ቆመ። ከጎን ያለው ግንባታ አምስተኛ ፎቁን የጨረሰበት ወር ነበር። በዚያው ወር እናቷ ከሆስፒታል ከነማሽኗ ወጣች፤ አባቷም «ብትጣራ ልስማት» ብሎ ሬዲዮውን ከፊት ለፊቱ ክፍል አንስቶ በመስኮቷ ሥር ወዳለችው የዕቃ ቤት አዛወረው። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮው ሲከፈት የሚሰማው ዝዝዝዝ የሚል ጩኸት ብቻ ነው። «ፎቁ ነው፤ ጋረደን» አለ አባቷ። ማንም አልተከራከረውም፤ ሙያው የእሱ ነው። ወሩን ሙሉ ከፎቁ በላይ የሚወጣ ማማ በወረቀት ሲስል ሰነበተ፤ ቀጥሎ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ቀጥሎ ሲሚንቶ ሞላበት። ወንድሟ «አበደ» አለ። እናቷ «ይሥራ፤ እጁ ሥራ ሲፈታ እኔን ነው ቁጭ ብሎ የሚያየኝ» አለች።

ማማው ከጓሮው ጫፍ እስከ አጥሩ ድረስ በጎኑ ተኝቶ ነበር፤ እግሩ ብቻ ከኮንክሪቱ ላይ በማጠፊያ ተይዟል። በያጁ ገመዱን በመዘውር ይጎትታል፤ ሦስቱ ሰዎች በሦስት ማዕዘን ቆመው ሽቦዎቹን ያላላሉ፣ ያጠብቃሉ። አንዱን ወንድሟ፣ አንዱን ትንሿ፣ አንዱን ደግሞ የፎቁ ዘበኛ ያዙ። አባቷ ፎቁን ዓመት ሙሉ ሲረግመው ኖሮ፣ ፎቁን ለመብለጥ የፎቁን ዘበኛ መለመኑ ሳያስቀው አልቀረም፤ ለዘበኛው ሁለት ጊዜ ጓንት መረጠለት። እሱ ራሱ ከማማው እግር ሥር ቆመ። አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ፣ «ሳብ! … ቁም! … ዘበኛው አላላ! … ትንሿ ያዢ!» እያለ ሲያዝ ድምፁ ማማ የሚያቆም ሳይሆን አውሮፕላን የሚያሳርፍ ነበር። ትንሿ አባቷን እንዲህ ቀጥ ብሎ ካየችው ብዙ ዘመን ሆኗል።

ማማው እኩሌታው ላይ ሲደርስ የወንድሟ ስልክ ጠራ። በአንድ እጁ ሽቦውን ይዞ በሌላው ኪሱን ሲዳብስ ሽቦው ሸርተት አለ፤ ማማውም ከእሱ በተቃራኒ፣ ወደ ፎቁ ግድግዳ ዘመመ። «ያዢ!» ብሎ ጮኸ አባቷ። ትንሿ ሽቦውን በክንዷ ጠምጥማ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጓንቷን አልፎ መዳፏን ሲቆርጣት ተሰማት፤ ግን አልለቀቀችም። በያጁ መዘውሩን ቆለፈ፤ ወንድሟም ስልኩን ወርውሮ ሽቦውን በሁለት እጁ ያዘ። «ምንም አልሆነም እኮ፤ ምንድን ነው እንደዚህ መደንገጥ» አለ ሲቀናለት። ማማው ቀጥ ብሎ ሽቦዎቹ ሁሉ ከታሰሩ በኋላ አባቷ መጥቶ መዳፏን ገልብጦ አየ፤ መሐረቡን ከኪሱ አውጥቶ አሰረላት። ከመስኮቱ የእናቷ ደካማ ጭብጨባ ይሰማ ነበር። አልጋዋ ላይ ሆና የምታየው የማማውን ወገብ ብቻ ቢሆንም ጫፉ ከፎቁ ጣሪያ በላይ መውጣቱን ዘበኛው ጮክ ብሎ ነገራት። «እልል በይበት እናቴ! በልጦናል!» አላት።

ምሳ እንደ ወትሮው ማድ ቤት ተቆመበት። ወንድሟ ሳህኑን ሳይጨርስ አስቀመጠና ሊሰናበት ወደ እናቱ ክፍል ሄደ። ሁልጊዜ እንደሚያደርገው በሩ ላይ ቆመ፤ ወንበር አለ፣ ግን አይቀመጥም።

«ደህና ነሽ አይደል እማዬ?»

«ደህና ነኝ። ቁጭ በል እንጂ።»

«ሰዎች እየጠበቁኝ ነው።»

«ሂድ በቃ። በመኪና ቀስ በል» አለችው እናቱ። ትንሿ እስከ በር ሸኘችው። ጠዋት ዋጥ ያደረገችውን ነገር ልትነግረው ሦስት ጊዜ አፏን ከፈተች። እሱ ግን ማማውን ቀና ብሎ አየና «ብረቱ ጥሩ ብረት ነው፣ አይጣልም» ብሎ ወደ መኪናው ገባ።

በያጁና ዘበኛው ከሄዱ በኋላ አባትና ልጅ ከማማው የወረደውን የሬዲዮ ኬብል በግድግዳው ቀዳዳ አስገብተው ወደ ዕቃ ቤቷ ገቡ። ሁለት ሰው ከያዘች የማትተርፍ ክፍል ናት፤ ድሮ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ የነበረባት ግድግዳ አሁንም እርጥበት ያወዛል። አባቷ ሸሚዙን ለውጧል፤ ፀጉሩንም በውኃ አርሶ አበጥሯል። ኬብሉን ሰካ፤ ሬዲዮውን ከፈተ፤ ትንሿም ሰዓቱ ሲደርስ ሳታስበው እንደ ልጅ እጇን አጨበጨበች።

ዝዝዝዝዝ።

አባቷ ቁልፉን አዞረ። ዝዝዝዝዝ። እንዲያውም ከበፊቱ ብሶበት ነበር። ማዳመጫውን አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ፤ ከዚያ ተነስቶ ኬብሉን ነቅሎ እንደገና ሰካው። «ማቀዝቀዣውን አጥፊ» አላት። አጠፋች። «የልብስ ስፌት መኪናሽን ንቀይ። የማድ ቤቱን መብራት። የስልክሽን ቻርጀር።» ነቀለች፤ አጠፋች፤ እየተመላለሰች ሁሉንም ጨረሰች። ወደ ፎቁ ግቢ ሄዳም ዘበኛውን ለምና መብራቱንና የውኃ መሳቢያውን ለጊዜው አስቆመች። ተመልሳ ስትመጣ ዝዝዝዝ እንዳለ ነው። ቤቱ ውስጥ ያልጠፋ ነገር አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር። ከመስኮቱ በኩል ፉሽ… ድም ይላል።

ለትንሿ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተገለጠላት። ፎቁ አልነበረም። ፎቁ ያለቀበትና ማሽኑ የገባበት ወር አንድ ስለሆነ ነው እንጂ፣ ጩኸቱ የመጣው ከእናቷ ራስጌ ነው። መብራት በሚጠፋባቸው ቀናት አባቷ ሬዲዮውን በመኪና ባትሪ ሲከፍት ድምፆች ይሰሙ ነበር፤ እነሱ ግን ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ ስላለ ነው ብለው አልፈውታል። በድምፁ ብቻ የየትኛው አውሮፕላን ሬዲዮ እንደታመመ ለይቶ የሚናገር ሰው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው? ዓመቱን ሙሉ ማማ ሲስልና ጉድጓድ ሲቆፍር ጆሮውን አንድ ጊዜ እንኳ ወደዚያ መስኮት አላቀናም።

«አባዬ…» አለች፤ እንዴት እንደምትጨርሰው ግን አላወቀችም። «ምናልባት ማሽኑ…»

«ፎቁ ነው» አለ አባቷ። ፊቱን ወደ እሷ አላዞረም። «ፎቁ ነው አልኩሽ። ሌላ ነገር አትናገሪ።»

መስኮቱ ክፍት ነበር። ሁለቱም ክፍት መሆኑን ያውቃሉ። አባቷ ትርጉም በሌለው ጩኸት ውስጥ ቁልፉን ቀስ ብሎ ወዲያና ወዲህ ያዞር ነበር፤ ትንሿም በተጠቀለለው መዳፏ የበሩን ጠርዝ ይዛ ትመለከተዋለች።

ከዚያ ጩኸቱ ጠፋ። በመቀስ እንደተቆረጠ ክር፣ ድንገት። በጸጥታው ውስጥ፣ ከሩቅ ነገር ግን ጥርት ብሎ፣ አንድ የሽማግሌ ድምፅ የአባቷን የሬዲዮ መጠሪያ ፊደል በፊደል እየጠራ ነበር። የሬዲዮ ሰዎች በሚግባቡበት፣ የማናቸውም ባልሆነ በዚያ የባዕድ ቋንቋ፣ «ወዳጄ አለህ? በየእሁዱ እጠራሃለሁ፤ አለህ?» ይላል።

«ሠራ!» አለ አባቷ። «ማማው ሠራ! አላልኩሽም?» ማይኩን አነሳ። «አለሁ! አለሁ ወዳጄ!» አለ፤ እንባው በአፍንጫው ጎን ወረደ። የጥርስ ሐኪሙም ሳቀ፤ ሞተሃል ብለን ነበር አለው። አባቷ ስለ ጉልበቱ ጠየቀው፤ ሐኪሙም ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ አለው። «ባለቤትህስ?» አለ ሐኪሙ።

«ደህና ናት» አለ አባቷ። «እዚሁ አጠገቤ ናት። ስለ አንተ ሳትጠይቀኝ ውላ አታውቅም።»

ትንሿ በሳቋ መሃል ቀዝቀዝ አለች። ከመስኮቱ ፉሽታው የለም፤ ድምታውም የለም። ማሽኑ አላንጫረረም። በማጥፊያው ነው የጠፋው።

በማድ ቤቱ በኩል ዞራ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። እናቷ ከትራሱ ቀና ብላ፣ አንድ እጇን ማሽኑ ላይ ጭና ተቀምጣለች። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ የአንገቷ ጅማት በየትንፋሹ ይገተራል፤ ዓይኖቿ ግን ወደ መስኮቱ ያዘነበሉ፣ እንደ ልጃገረድ ዓይን የሚያበሩ ነበሩ። ትንሿን ስታይ ጣቷን አነሳች። «ቆይ» አለች፤ ድምፅ ሳይሆን ትንፋሽ ነው የወጣት። «ይጨርስ።» የልጇን እጅ ያዘች፤ አያያዟ የታማሚ አልነበረም። ከመስኮቱ ውጭ የጥርስ ሐኪሙ «እንግዲያው ለእሷ የምነግርህ ወሬ አለኝ፤ ልጄ…» ሲል ይሰማል። ትንሿ አንድ ትንፋሽ የሚያህል ጊዜ ቆመች። እድሜዋን ሙሉ ያንን ቅጽበት እንደማትረሳው ያኔውኑ አውቃዋለች፤ ቆማ ነበርና፤ እሷም ወሬውን መስማት ፈልጋ ነበርና። ከዚያ የእናቷን ጣቶች አንድ በአንድ አላቃ ማጥፊያውን ተጫነች።

ፉሽ… ድም። ከመስኮቱ ውጭም ዝዝዝዝዝ።

አባቷ ቶሎ አልመጣም። ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ ሚስቱን አየ፤ ቀስ በቀስ ቀለም እየተመለሰበት ያለውን ከንፈሯን አየ፤ ከዚያ ማሽኑን አየ። ጎንበስ ብሎ ማሽኑን ከራስጌዋ አንስቶ፣ ቱቦው እስከፈቀደለት ድረስ ወደ አልጋው ግርጌ ጎተተው፤ የተኛ ሰው እጅ ወደማይደርስበት።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለች እናቷ።

«ከሥሩ አቧራ አለ።»

«ሰማኸው?»

«ሰማሁት» አለ። ከአልጋው ጫፍ ተቀምጦ እግሯን በብርድ ልብሱ ላይ ያዘ።

«ማማው ሠራ በለኛ!»

«ሠራ። ፎቁ ነበር የጋረደን፤ አሁን አልፈነዋል።»

«እኔም ፎቁ ነው ብዬህ ነበር» አለች፤ እያየችው። «ስለ ልጁስ ምን አለ?»

«ሰዓቱ አልቆበት ነው። እሁድ ይነግረኛል።»

ትንሿ ከዚህ በላይ መቆም አልቻለችም፤ ማቀዝቀዣውን መልሼ ልሰካ ብላ ወጣች። ማድ ቤት ገብታ ሶኬቱን በእጇ እንደያዘች ብዙ ቆየች።

በሚቀጥለው እሁድ ከሰዓት በኋላ አባቷ ሸሚዙን ለውጦ፣ ፀጉሩን አርሶ፣ ሻዩን ይዞ ወደ ዕቃ ቤቷ ገባ። ማሽኑ ከግርጌ ሆኖ ይተነፍሳል። ትንሿ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ በበሩ ክፍተት አየችው፤ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አጣምሮ፣ ፊት ለፊት ያለውን እርጥብ ግድግዳ ይመለከታል። ከበላዩ ማማው ከፎቁ ተርፎ ቆሟል። በጣም ቆይቶ ወጣና ወደ ቤት ገባ። እሷም ብርጭቆውን ልታነሳ ገባች። ሻዩ አልተነካም። ሬዲዮውን በመዳፏ ነካችው፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል፤ ከኋላው ያለው የመብራት ገመድም ተጠቅልሎ በክር እንደታሰረ ነበር።

በመስኮቱ የአባቷ ድምፅ ይመጣል፤ ከፉሽታውና ከድምታው መሃል እየገባ። የሐኪሙ ጉልበት በጣም ተሽሎታል፤ ቲማቲሙም ዘንድሮ ጥሩ ነው።

«ልጁስ?» አለች እናቷ። «ልጁስ ምን ሆነ?»

«አገባ!» አለ አባቷ።

«እሰይ!» አለች እናቷ፤ ሳል ያዛትና እስኪለቃት ጠበቀ። «እሰይ! እሰይ! ማንን አገባ?»

ማሽኑ ተነፈሰ፤ ደግሞም ተነፈሰ። ትንሿ ቀዝቃዛውን ብርጭቆ ይዛ ከመስኮቱ ሥር ቆማ ጠበቀች። አባቷ ቶሎ አልመለሰም።